አምስት ነጭ ማጣሪያዎች

የመጀመሪያውን ማጣሪያ ከመያዣው ሳወጣው ነጭ ነበር። ስምንት ሰዓት ሙሉ የሲሚንቶ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ፣ በሠራተኛ አንገትጌ ላይ ተሰክቶ ውሎ ነጭ! ሌሎቹንም አወጣሁ። አምስቱንም ስመዝናቸው ከጠዋቱ ክብደታቸው ፈቅ አላሉም።

«የኛ ቢሮ አቧራ ከዚህ ይበልጣል» አለ ባልደረባዬ እየሳቀ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

አቧራውን የሚስቡትን ትንንሽ ፓምፖች ያመጡልን የውጭ አሠልጣኞች ሦስት ዓመት አስተምረውን ሲሄዱ፣ «ከእንግዲህ ጥያቄውም መልሱም የእናንተ ነው» ብለውናል። ይህ በራሳችን ሰው የሚመራ የመጀመሪያው ጥናት ነው፤ የምመራውም እኔ ነኝ። ፋብሪካውን የመረጥኩት አባቴ እስከ ዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቶ ሳል ያተረፈበት ስለሆነ ነው።

ካስተማሩን ሁሉ ዋናው ቀኑን ለማንም አለመናገር ነበር፤ ድንገት ካልሄድክ ፋብሪካው ቤቱን ጠርጎ ይጠብቅሃል። ለባልደረቦቼ እንኳ የነገርኳቸው የዚያኑ ዕለት ጠዋት መኪና ውስጥ ነው። አስቀድሞ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሑድ ምሳ ላይ፣ «አባባ፣ ማክሰኞ እንመጣለን። ሌሎቹ ፓምፑን ፈርተው እንቢ እንዳይሉ አንተ ቅደምላቸው» አልኩት። «የኔ ዶክተር፣ በዚህ አትስጊ» አለኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ እሱ ግን ሰፈሩን ሁሉ አሳምኗል።

ማክሰኞ ስንደርስ ወለሉ በውሃ ርሷል፣ በርና መስኮቱ ተበርግዷል፣ ከሦስቱ ማሽኖች ሁለቱ «ጥገና ላይ ናቸው» ተባለ። ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆሞ በፈገግታ ተቀበለን። እኔ ጅሏ፣ መጥፎ አጋጣሚ ነው ብዬ አለፍኩት።

ማታ ማጣሪያዎቹን መዝኜ ቤት ስገባ አባቴ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«ቀኑን ነገርካቸው አይደል?»

«ማሽንሽ ስንት አለ?» አለኝ።

«ምንም የለም አለ።»

ፊቱ በራ። «እሰይ! ሥራ አስኪያጁ ቃሉን አያጥፍም። ወንድምሽ ሰኞ ይቀጠራል።»

ታናሽ ወንድሜ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ያላንኳኳው በር የለም።

«ሸጥከኝ እኮ፣ አባባ!»

«ምን ሸጥኩሽ? አንቺ እንጀራሽን አግኝተሻል። እሱስ?» ሳሉ አቋረጠው። እስኪያባራለት ጠበቅኩት።

«የት ክፍል ነው የሚገባው?»

ዓይኑን ከኔ ሸሸገ። «ማሸጊያ። ሌላ ቦታ የለም አሉ።»

«ልኬቱ አይታመንም፣ የቀኑን ምስጢርም ያወጣሁት እኔ ነኝ ብዬ እጽፋለሁ።»

«ከጻፍሽ ልጁን አይቀጥሩትም። አንቺንም ያባርሩሻል።»

ይህን እንዳለኝ ወንድሜ ከጓዳ ወጣ። አዲስ የተኮሰው ሸሚዝ ክንዱ ላይ ነው። «አባባ ነግሮኛል፤ ባንቺ ጥናት ነው ሥራ ያገኘሁት» ብሎ እቅፍ አደረገኝ። አልቅሼ ልሞት ነበር።

በማግስቱ ጻፍኩት። ያ ያቀፈኝ ደረት በዚያ አቧራ ሲሞላ ቆሜ ማየት አልችልም። አለቆቼ ጥናቱን ከእጄ ወሰዱት፤ የአባቴን ስም ግን የትም አላነሳሁም።

ሰኞ ወንድሜን ከፋብሪካው በር መለሱት። ሸሚዙ እንደተተኮሰ ቤት ገብቶ መሃላችን ቆመ።

«ሥራዬን ያበላሸብኝ ማን ነው?» አለ።

አባቴ ለአፍታ እንኳ ሳያቅማማ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ።