ከቆሰበር የማይሳሳ አየር

ርሆቦት እናቷንና የእናቷን የጸሎት ጓደኛ እትዬ ሽቱን ከወንድሟ አልጋ አጠገብ ያስቀመጠቻቸው አንድ ነገር በዓይናቸው እንዲያዩላት ነበር፤ ያዩት ግን ሌላ ሆነ።

ወንድሟ ጢሞቲዎስ የልብ ሕመምተኛ ነው። በልጅነቱ የጉሮሮ ሕመም ብቻ መስሏቸው ያለፉት ነገር ልቡ ላይ ተቀምጦ ኖሮ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረሰበት ክረምት ጣለው። አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና ቀን ተሰጥቶታል። ያየው ሐኪም በመኪና እንዳያደክሙት፣ ዝናቡ የዓባይ በረሃን መንገድ በናደ ቁጥር የት እንደሚያድሩ እንደማይታወቅ፣ ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ቢሄድ እንደሚሻል ነግሯቸው ነበር። እናታቸው ፀጋነሽ ግን አሻፈረኝ አለች። ምድር ላይ ያለው አየር ያልበቃው ልጅ ሰማይ ላይ በምን ይተነፍሳል ነው ነገሯ። ሐኪሙ አውሮፕላን ውስጥ አየር ታምቆ እንደሚያዝ አስረድቷታል፤ ርሆቦትም አስረድታታለች። ፀጋነሽ ሁሉንም ሰምታ ከሐሳቧ ፈቀቅ አላለችም። በማግስቱ ደግሞ ባሕር ዳር ላለው ወንድሟ ለአየነው፣ ትኬቱን ቁረጥ ወይም ተወው ብላ ቁርጡን መንገር ነበረባት።

ርሆቦት ሲሙሌተሩን ያሰበችው ለዚህ ነው። ጢሞቲዎስ የተጣለ ዕቃ ለቃቅሞ የሠራው የአውሮፕላን ማብረር መለማመጃ ከአልጋው ትይዩ ቆሟል፤ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ከእሱ በላይ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተመታ ቺፑድ። ቺፑዱ ላይ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የተገዙ ተራ የቤት ማብሪያ ማጥፊያዎች ደርድሮ፣ ሽቦአቸውን ከተበላሸ ኪቦርድ አንጀት ጋር አገናኝቷቸዋል። አንዱን ሲጫኑት ስክሪኑ ላይ ያለችው አውሮፕላን ትታዘዛለች። ፀጋነሽ አቧራ እንዳይበላው ብላ ቺፑዱን ዳንቴል አልብሳዋለች። ስክሪኑ ላይ፣ የካቢኑን፣ ማለትም የመንገደኞቹን ክፍል፣ የአየር ከፍታ በመርፌ የሚያሳየው ጌጅ ዳር፣ ጢሞቲዎስ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፎ በእስክሪብቶ "ቆሰበር" ብሎ ጽፎበታል።

የፕላስተሩ ነገር እንዲህ ነው። አውሮፕላን የቱንም ያህል ሽቅብ ቢወጣ፣ ውስጡ ያለው አየር ስምንት ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ካለ አየር እንዳይሳሳ ተደርጎ ይታመቃል። የሚኖሩባት እንጅባራ፣ የድሮዋ ቆሰበር፣ ራሷ የተቀመጠችው ከስምንት ሺህ ጫማ በላይ ነው፤ ፕላስተሩም ያን ከፍታ ያመለክታል። እንግዲህ አውሮፕላን ውስጥ ያለ ሰው የሚተነፍሰው አየር ከፀጋነሽ ደጃፍ አየር ቢሻል እንጂ አይከፋም። ርሆቦት በሰው ፊት ብዙ መናገር አይሆንላትም። መርፌው ከፕላስተሩ በታች ሲቆም እናቷ ራሷ ብታየው ይሻላል አለች።

ሽቱ ሻያቸውን እንደያዙ፣ ስክሪኑ ላይ ከባሕር ዳር ተነሡ። ጢሞቲዎስ መቀመጥ ስለማይችል ጀርባውን ለትራስ ሰጥቶ ይሰማል።

"እትዬ ሽቱ፣ ቀበቶዎን ይሰሩ" አለ። "ይቺ አብራሪ ባጃጅ እንኳ ነድታ አታውቅም።"

ሽቱ ሳቁና ነጠላቸውን አጠበቁ። ጣና እያነሰ ከኋላ ቀረ። አውሮፕላኗ ሽቅብ ወጣች፤ የካቢኑ መርፌም አብሯት ወጣ። ርሆቦት አሁን ይቆማል፣ አሁን ይቆማል እያለች ትጠብቃለች። መርፌው ግን ፕላስተሩን አልፎ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ የማስጠንቀቂያው ጥሩምባ መጮህ ጀመረ። ርሆቦት አንዱን ነክታ አንዱን ስትተው፣ የመንገደኞች የመተንፈሻ ጭምብል መውረዱን የሚናገረው መብራት ስክሪኑ ላይ በራ። ጢሞቲዎስ አንድ ነገር ሊላት ቀና ሲል ሳሉ ያዘው። ፀጋነሽ ተነሥታ ደረቱን ደገፈችውና፣ "ዝጊው" አለች።

ሽቱ ክፉ ሴት አይደሉም። ጢሞቲዎስ ከወደቀ ጀምሮ እየጾሙ የጸለዩለት እሳቸው ናቸው፤ ቃላቸው የከበደውም ለዚሁ ነው።

"ፀጋነሽ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ጌታ በገዛ ልጅሽ እጅ ሥራ አስጠነቀቀሽ። እኔ ብሆን ሌላ ምልክት አልጠብቅም።"

ፀጋነሽ ሽቱን ሸኝታ ስትመለስ፣ ጢሞቲዎስ በመኪና እንደሚሄድ፣ ነገ ለአየነውም ይህንኑ እንደምትነግረው ለርሆቦት ነገረቻት። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ኖሮ ለርሆቦት ይቀላት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጢሞቲዎስ ተኝቶ ሳለ፣ ርሆቦት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ከሳሎን የእናቷ የስፌት ማሽን ይሰማል። ፀጋነሽ የያዘችውን ቀሚስ ሳትጨርስ ስልክ አታነሣም፤ ርሆቦት ያላት ጊዜ ያ ቀሚስ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠረችው የሚያርፉበትን ከፍታ ነው። ምናልባት ጫማ መሙላት ሲገባት ሜትር ሞልታ ይሆናል። አየችው፤ ትክክል ነው። ቀጥሎ ከአውሮፕላኗ ኋላ ያለውን፣ የሞላውን አየር እየመጠነ የሚያስወጣውን ቫልቭ ጠረጠረች። እሱ ተከፍቶ ቀርቶ ከሆነ አየሩ ሁሉ ያመልጣል። እንደገና ተነሥታ ሽቅብ ስትወጣ ዓይኗን ከቫልቩ አልነቀለችም። ቫልቩ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። መርፌው ግን እንደ ትናንቱ ወጣ።

እጇን ከመሪው አንሥታ አሰበች። ቀዳዳው ተዘግቶ ካልሞላ፣ የሚያፈስ ነገር የለም ማለት ነው። ይህ የተበሳ ኳስ ሳይሆን ያልተነፋ ኳስ ነው። አየሩ እየወጣ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም አልገባም። አየሩ የሚገባው ከሞተሮቹ ነው። ከሞተሮቹ ወደ ካቢኑ የሚያሳልፈው ደግሞ—

የስፌት ማሽኑ ድምፅ ቀጥ አለ። ስክሪኑም ጠቆረ። መብራት ሄደ።

ርሆቦት በጨለመው ስክሪን ላይ የራሷን ፊት እያየች ተቀመጠች። የእናቷ እግር ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ መኝታ ቤት ሲሄድ ይሰማታል። አንድ ጊዜ ሄዶ የተመለሰ መብራት የማሽኗን ሞተር አቃጥሎባት ስለነበር፣ ፀጋነሽ መብራት በሄደ ቁጥር ቤቱን ዞራ ያገኘችውን ማብሪያ ሁሉ ታጠፋለች። ይህን ርሆቦት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ስለምታውቀውም አታየውም። ፀጋነሽ ገባች። የአምፖሉን አጠፋች፣ ጎንበስ ብላ የኮምፒውተሩን ዲቫይደር ከሶኬቱ ነቀለች። ከዚያ ቀና ብላ ዳንቴሉን ገለጥ አደረገችና በቺፑዱ ላይ ያሉትን አራት ማብሪያዎች በጣቷ ተራ በተራ ነካካች። ሦስቱ ጠፍተው ነበርና ዝም አሉ። አራተኛው፣ ጠዋት ርሆቦት ስትነካካ ያበራችው ይሆናል፣ ቀጭ አለ።

"እማዬ" አለች ርሆቦት። "እነዚያንም ታጠፊያቸዋለሽ?"

"ማብሪያ አይደሉም እንዴ?"

"ሁልጊዜ?"

"ይቃጠሉ ልበል?"

ከአልጋው የጢሞቲዎስ ድምፅ መጣ። ነቅቶ ኖሯል። "ሁልጊዜ ነው የምታጠፋቸው" አለ፣ በየቃሉ እያረፈ። "ሁልጊዜም እኔ አበራቸው ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ማን ያነብ ነበር? አንቺ። ማን ይነካ ነበር? እኔ። ካነበብሽው መች ይቀር ነበር?"

እውነቱን ነው። እሱ ደህና ሳለ፣ ከመነሣታቸው በፊት እሷ የሚነኩትን ዕቃዎች ከወረቀት ላይ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እሱ እያንዳንዱን በእጁ እየነካ "በርቷል" ይላል። እሷ ወረቀቱን እንጂ እጁን አይታ አታውቅም። እሱ ከተኛ ወዲህ ብቻዋን ስትቀመጥ ለማን ብላ ታነባለች? በቃሌ አውቀዋለሁ ብላ ተወችው።

የፀጋነሽ ጣት ማብሪያዎቹ ላይ እንዳለ ቀረ።

"አየሩን የሚያስገቡት እነዚህ ናቸው?"

"አዎ።"

"ትናንት ጠዋት መብራት ሲሄድ ያጠፋሁት እኔ ነኛ።"

"በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ ያላነበብኩት እኔ ነኝ" አለች ርሆቦት።

ፀጋነሽ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠች። የልጇን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ታሻሽ ነበር። ውጭ ካፊያው ቆርቆሮውን ይመታል።

"በእውነተኛው አውሮፕላንስ" አለች በመጨረሻ፣ "አብራሪው እንዳንቺ በቃሌ አውቀዋለሁ ብሎ የተወው ቢሆን?"

ርሆቦት አይሆንም ልትላት አሰበች። አላለቻትም።

"አብራሪዎቹ ሁለት ናቸው እማዬ። አንዱ ያነባል፣ አንዱ እየነካ ይመልሳል። ብቻውን የሚያደርገው የለም።"

"ሁለቱም ቢረሱስ?"

"ጥሩምባው የተሠራው ለዚያ ነው። ይሰሙታል፣ ያስተካክላሉ፣ ካልሆነም ወዲያው ዝቅ ይላሉ። ትናንት የጮኸውም ሊነግረን ነበር። እኔ አልገባኝም እንጂ።"

መብራት የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ሽቱም እንደ ልማዳቸው ለጸሎት መጥተው ነበር። ርሆቦት ነገሩን ለእሳቸው እንዴት እንደምታነሣው ጨንቋት ሳለ፣ ፀጋነሽ ቀደመቻት።

"እህት ሽቱ፣ የትናንቱን አየር የዘጋሁት እኔ ነኝ። በእነዚህ ጣቶቼ።" ደግሞም ጨመረች፦ "የጌታ ምልክት ነው ብዬ ተኝቼበት አደርኩ።"

ሽቱ ወደ ቺፑዱ፣ ከዚያ ወደ ጢሞቲዎስ ተመለከቱ። ቆይተው፣ "እንግዲያስ ክፈቺዋ" አሉ።

ርሆቦት ወረቀቱን ከመሳቢያው አውጥታ አነበበች። ፀጋነሽ ቆማ፣ ዳንቴሉን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው ትነካለች። ኪቦርዱ ላይ ያለውን ጢሞቲዎስ ከአልጋው፣ "ከእሱ በስተቀኝ ያለው" እያለ ይመራታል። አራቱ ማብሪያዎች ዘንድ ሲደርሱ ርሆቦት ለያንዳንዱ ቆማ ጠበቀች።

"በርቷል" አለች ፀጋነሽ። በቤተ ክርስቲያን ለጸሎት አሜን እንደምትለው ነበር የምትለው፣ ሳትቸኩል። "በርቷል። በርቷል። ይኸኛውም በርቷል።"

ከባሕር ዳር ተነሡ። ደመናውን ሰንጥቀው ወጡ፤ ትናንት ጥሩምባው የጮኸበትን ከፍታ አለፉት። የካቢኑ መርፌ ጥቂት ወጣና ከፕላስተሩ በታች ቆመ። ፀጋነሽ ወንበሯን አስጠግታ፣ አዲስ አበባ እስኪያርፉ ድረስ ዓይኗን ከመርፌው ላይ አላነሣችም። ስታበቃ ሳሎን ገብታ ስልኳን አነሣች፤ አየነውን ትኬቱን ለሁለት ሰው እንዲቆርጥ ስትነግረው ርሆቦት ሰማች።

በሄዱበት ጠዋት ኮንትራት የያዙት ሚኒባስ ደጅ ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ርሆቦት እስከ ባሕር ዳር ልትሸኛቸው ሻንጣውን ጭናለች፤ ጢሞቲዎስን ሽቱ በአንድ በኩል፣ ሾፌሩ በሌላው ደግፈው አስገብተውታል። ፀጋነሽ ቤቱን ልትዘጋ ተመለሰች። ርሆቦት ከበሩ ቆማ አዳመጠቻት። የሳሎኑ ጠፋ። የጓዳው ጠፋ። ከጢሞቲዎስ ክፍል የአምፖሉ ማጥፊያ ቀጭ አለ፣ ዲቫይደሩ ከሶኬቱ ተነቀለ። ርሆቦት የቺፑዱን አራት ማብሪያዎች ጠበቀች።

ምንም አልተሰማም።

ፀጋነሽ ወጥታ በሩን ቆለፈችና ቁልፉን ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው። ልጇ እያየቻት መሆኑን አውቃለች።

"ዳንቴሉን ብቻ አለበስኩት" አለች፤ ወደ ሚኒባሱም ሄደች።