የዘጠኝ ሰዓት ክኒን

…አይታይም፣ ነጠላው ተደርቧል፣ ከስሩ እጇ ቢንቀጠቀጥ ማን ያያል፣ ከጉና የሚወርደው ብርድ ነው ትላለች ስርጉት፣ ሐኪም ቤቱ አግዳሚ ላይ ተራ ስትጠብቅ ቢጠይቋት፣ ደብረ ታቦር ተቀምጦ የማይንቀጠቀጥ ማን አለ፣ ግን ትናንት ሰሌዳው ላይ ፊደሉ ተጣመመባት፣ ጠመኔው ተሰበረ፣ ተማሪዎቿ ሳቁ፣ አይ አንቺ፣ ይሄም ብርድ ነው?

ይሄኛውን መድኃኒት ብቻ እንዳይወስዱባት። ሌላውን አይታዋለች። መጀመሪያ የተወጋችው መርፌ መንጋጋዋን ቆልፎ ለሀጯን በተማሪ ፊት አዝረበረበው፣ ሁለተኛው ክኒን እሰይ አረጋጋት፣ አወፈራት፣ ግን ሐኪሙ አያሌው ይሄን እየዋጥሽ እንዳታረግዢ፣ ፅንስ ይጎዳል አላት፣ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ባሏ መልካሙ ምንም አይላትም፣ ምንም አለማለቱ ነው የሚገድላት። ሦስተኛው ይሄ፣ ሊቲየም የሚሉት የአእምሮ መድኃኒት፣ ስድስት ወር፣ እንቅልፏ ልክ፣ ሐሳቧ ልክ፣ እንደ ዱሮው ተነስቶባት የመልካሙን ካፖርት አውጥታ ለመንገደኛ አልሸለመችም፣ በክትትል ልጅም ይታሰባል ተብላለች፣ ብቻ ደምሽ ይመርመር፣ ውሃ በደንብ ጠጪ፣ ጠዋትና ማታ ዋጪ፣ እሺ ብላ ነበር፣ ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

ውሃም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የለ፣ ክኒንም የለ፣ የጠዋቱንና የማታውን አንድ ላይ፣ ምን አለበት፣ ሆድ ውስጥ ያው አይደለም? የነፍስ አባቷ መምሬ ጌጡ በሽተኛ አይጾምም ብለዋት ነበር፣ እሷ ግን በሽተኛ ናት እንዴ፣ እያስተማረች፣ እየሳቀች፣ ጎረቤቷ እማማ ብዙነሽ በጾም ቀን ውሃ ስትጠጣ ቢያዩዋት ያው ተነሳባት ይላሉ፣ ገደል ይግቡ፣ ኧረ ይቅር በለኝ፣ በጾም። ለአያሌውስ ብትነግረው? ምክር አትሰሚም ብሎ ይነጥቃታል፣ ዝም።

ስርጉት!

ትገባለች። አያሌው የደሙን ውጤት ያያል፣ ደግሞ ያያል፣ ፊቱን አልወደደችውም። መድኃኒቱ ደምሽ ውስጥ በጣም በዝቷል፣ እንዳዘዝኩሽ ነው የምትወስጂው? አዎ። በሰዓቱ? አዎ። ውሃስ? አዎ፣ ሦስት ጊዜ፣ እንደ ጴጥሮስ፣ የቀረው ዶሮው ነው። እንግዲህ በትክክል ወስደሽው እንዲህ ከሆነ ላንቺ አይሆንም፣ ይመርዝሻል፣ ወደ ቀድሞው እንመልስሽ፣ ይልና እስክሪብቶውን ያነሳል።

ወደ ቀድሞው፣ እንዳታረግዢ ወዳላት፣ እንዳይወስዱባት ደብቃ፣ በመደበቋ ሊወስዱባት ነው፣ ጉድ! እስክሪብቶው ወረቀቱን ነካ፣ ተናገሪ እንጂ አንቺ ሴት፣ ምላስሽም ጾም ገባ?

ዶክተር፣ ይቆዩ።

እጆቿን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታኖራቸዋለች፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ጾም ላይ ነኝ፣ ሁለቱንም በዘጠኝ ሰዓት ነው የምውጠው፣ ውሃም እስከዚያ አልቀምስም፣ መድኃኒቱ አላጠፋም፣ እኔ ነኝ።

አያሌው እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ለጊዜው አቁሚው፣ ደምሽ እንደገና ይታያል፣ ከወረደ እንቀጥላለን፣ ቃል ግን አልገባልሽም፣ ይልና ከጆጉ ውሃ ይቀዳላታል።

የግድግዳው ሰዓት አምስት ከሩብ ይላል። በሩ ክፍት ነው፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያያታል፣ ይየኝ፣ በሽተኛ ነኝ፣ በልቧ እንኳ እንዲህ ብላ አታውቅም፣ በሽተኛ ነኝ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ትይዛለች፣ ግማሹ ነጠላዋ ላይ ይፈሳል፣ የቀረውን ትጠጣዋለች።