የወዳጆ ችካሎች

እናንተዬ፣ ባሏን ቀብራ የተመለሰች ሴት ስለ ችካል ስትጨነቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጌታነሽ እንደዚያ ሆነች። ፍረዱባት ብዬ አይደለም፤ ነገሩን ስትሰሙ እናንተም ትጨነቁላት ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሰው እየገባ "እግዜር ያጥናሽ" ሲላት "አሜን" ትላለች፤ ዓይኗ ግን የድንኳኑን ገመድ ይከተላል። ገመዱ የታሰረበትን እንጨት አወቀችው። ባሏ ወዳጆ በእጁ ከጥድ ጠርቦ፣ ጫፉን በእሳት ለብልቦ የተከለው ችካል ነው። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። አሥራ አንዱም ተነቅለው የድንኳን ካስማ ሆነዋል።

"አያ ዳኜ፣" ብላ የዕድሩን ዳኛ በእጇ ጠራች፣ "ይኼን እንጨት ከየት አመጣችሁት?"

"እዚሁ መሬቱ ላይ ተተክሎ አገኘነው። የዕድሩ ካስማ ጎድሎን ነበርና፣ ወዳጆ ነፍሱን ይማረውና ለራሱ ለቅሶ አሰናድቶልን ሄደ አልን እኮ።"

"እሱስ ቤት ነበር የሚያሰናዳው።"

አያ ዳኜ ጭንቅላታቸውን ያዙ። "የቤት ምልክት ነው? ወይ እዳዬ! ጉድጓዱስ?" ብለው ወደ መሬት ቢያዩ፣ ለቀስተኛው ረግጦ ደፍኖታል።

ገጠር ያለው ቤታቸው የድንጋይ ነበር፤ ከታች በግ፣ ከላይ ሰው። ጌታነሽ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሰላል ስትወጣ ስትወርድ ጉልበቷ አለቀ። ሞላሌ ከተማ መቶ ሃምሳ ካሬ ሲደርሳቸው፣ ወዳጆ ከኋላ አንዲት ጠባብ ሰርቪስ አቆመና ገቡባት፤ ፊት ለፊቱን ለዋናው ቤት ተወው። ያየው ሁሉ "መሬቱ ጠባብ ነው፣ ወደ ላይ ሥራው" ቢለው፣ "ከእንግዲህ መሰላል የለም" ብሎ ዘጋ። ወረቀት ላይ ከማሰሣሉ በፊት መሬት ላይ ልየው ብሎ ነበር ችካል የተከለው። ሳያሰሥለው ሞተ።

"ግትር ነበር፤ ማንንም አያማክር፣" አለች ከጌታነሽ ጀርባ የተቀመጠች ሴት፣ ንፍሮ እየቆረጠመች።

"ሚስቱንስ?" አለች ሌላዋ በሹክሹክታ።

"እሷን ደግሞ ማን ያማክራል!"

ጌታነሽ ሰማች። ውሸት ነው ለማለት አፏ አልደፈረም።

በማግስቱ ሰርቪሷ ውስጥ ጋደም ባለችበት ልጆቿ በር ላይ ሲነጋገሩ ሰማች። በኃይሉ ደብረ ብርሃን መምህር ነው፤ ምሥራቅ አዲስ አበባ ባለትዳር ናት።

"ፊት ለፊቱን ሱቅ እናድርገውና ይከራይ። እማዬ ሰርቪሷ ትበቃታለች፣" አለ በኃይሉ።

"አባዬ ያሰበው ይኼን አይደለም። በደወለ ቁጥር እንደ ዳዊት ይደግምልኝ ነበር፤ ሳሎን ዘጠኝ እርምጃ፣ ጓዳ ሦስት፣ መኝታ ሰባት።"

"እሺ፣ ነገ ድንኳኑ ሲነሣ እለካዋለሁ። መሬቱ ከበቃ ይሁን፤ ካልበቃ ግን ሱቅ ነው።"

ጌታነሽ የበግ ፀጉር ዝተቷን ወደ ራሷ ሳበች። ሰርቪሷ ፀሐይ አይገባትም፤ እዚያ ላይ ሱቅ ሲጋረጥባት ታያት። "እመቤቴ ማርያም፣ በሰው ሱቅ ጀርባ አታስረጅኝ፣" አለች።

በሣልስቱ ጸሎት ደርሶ፣ ሰው ቀምሶ፣ ድንኳኑ ተነሣ። በኃይሉ ከግራው አጥር ተነሥቶ በዚያ በረጅም ቅልጥሙ ዘጠኝ ተራመደ፤ ሳሎን። ጓዳውን ሦስት ብሎ ሲጨርስ አፍንጫው ከቀኙ አጥር ጋር ሊጋጭ ሆነ።

"በል እንግዲህ፣ መኝታው የጎረቤት ድንች ውስጥ ገባ!" አሉ አያ ዳኜ። ለቀስተኛው እንኳ ሳቀ።

በኃይሉ አልሳቀም። "አየሽ ምሥራቅ? አባዬ በግምት ነው የተከለው። አይበቃም።"

ያን ጊዜ ነው ጌታነሽ ትዝ ያላት። ባለፈው ጥቅምት፣ ውርጩ ገና ከመሬቱ ሳይለቅ፣ ወዳጆ ችካሎቹን ታቅፎ ቀሰቀሳት።

"አንች ሴትዮ፣ ከዚህ ተነሥተሽ ሂጅ።"

"በዚህ ጉልበቴ እንደ በሬ ታመላልሰኛለህ? ራስህ አትራመድም?"

"የኔ እርምጃ ምን ያደርጋል? ሂጅና ጉልበትሽ ሲይዝሽ ቁሚ።"

እየተራገመች ሄደች። ጉልበቷ ሲይዛት ቆመች። እሱ ከኋላዋ አጎንብሶ፣ በቆመችበት ላይ ችካሉን በድንጋይ ቀጠቀጠው። "እዚህ ጋ ግድግዳ ይቆማል፤ ሲደክምሽ ትደገፊዋለሽ፣" አላት። እሷ ግን በብርዱ ተናዳ ስለነበር፣ ነገሬም አላለችው።

"በኃይሉ፣" አለች አሁን፣ "ዞር በል።"

ነጠላዋን አጥብቃ ከግራው አጥር ተነሣች። ዘጠኝ ስትል ጉልበቷ ያዛት፤ ቆመች። "እዚህ።" ሦስት ሄደች። "እዚህ።" ሰባት ሄዳ ስትቆም፣ ከቀኙ አጥር አንድ ክንድ ቀርቷታል። ውሃ መውረጃው እንኳ አልተረሳም።

ስታማ የነበረችው ሴትዮ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር ያዘች።

"በእማዬ እግር ነው የለካው፣" አለ በኃይሉ።

"ሱቁስ?" አለች ምሥራቅ ዓይኗን እየጠረገች።

"ሱቁን ድንቹ ውስጥ እንሠራዋለን እንግዲህ፣" አለ በኃይሉ።

አያ ዳኜ ችካሎቹን በጋቢያቸው አቅፈው መጡ። "እኔ ነቀልኩ፣ እኔው እተክላለሁ፣" ብለው በኃይሉን ድንጋይ አስያዙት። ጌታነሽ በእግሯ እያሳየች፣ እነሱ እየቀጠቀጡ፣ አሥራ አንዱም ቆሙ። ሲባጎ ተወጠረ። ሦስት ቀን ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ የወረደላት መሰላት፤ "ተመስገን" አለች፣ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሳ።

ሰው ሊሰናበት ሲባጎውን እየተሻገረ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጌታነሽ አልተሻገረችም። ዞራ ለመግቢያ ክፍት ወደተተወው ቦታ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ጎንበስ ብላ አማተበች፣ ገባች፤ ገብታም ከኋላዋ ለሚገባ ሰው እንደሚደረገው ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች።

ግድግዳው ገና አልቆመም። እናንተም በሞላሌ በኩል ስታልፉ ጎራ ካላችሁ፣ አደራችሁን፣ በበሩ ግቡ።