የጓሮ በር መብራት

ዳኛ ሆብሰን የጠየቁት ተራ ነገር ነበር። «ፍርዱን የሚሰጡት የጁሪ አባላት ነገ ግድያው የተፈጸመበትን ቤት ሄደው ያያሉ። ከሁለታችሁ ቤቱን ከዚህ በፊት የሚያውቀው አለ?»

የተከሳሹ ጠበቃ ሽማግሌው ታትል «እኔ ሁለቴ ገብቻለሁ፤ ሁለቴም ተደናቅፌ ወድቄአለሁ» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። ዐቃቤ ሕጉ ሌላንድ ፕራውት ብድግ አለና «በፎቶግራፍ ካልሆነ አላውቀውም፣ ክቡር ዳኛ» አለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው ያለው። 

በከተማችን በሳን ቬሮ ሌላንድ ይዋሻል ብሎ የሚጠረጥር ሰው አልነበረም። እኛ የወደብ ሰዎች ባለሥልጣን ማመን አይሆንልንም፤ እሱን ግን አመንነው። ፍርድ ቤት ቆሞ አይጮኽም፣ ተከሳሽ ላይ ጣቱን አይቀስርም። እሱ የመዝጊያ ንግግር በሚያደርግበት ቀን ሁሉ ሚስቱ ኢዲት ሳንድዊቹን በወረቀት ጠቅልላ ይዛ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች፤ እኛም እሷን ስናይ ዛሬ ሌላንድ ሊናገር ነው እንላለን። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ጣጣው የመጣው በሐሙስ በኩል ነው። በከተማችን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቤት ሠራተኛ ሁሉ ያርፋል። ምግብ አብሳዩም፣ አትክልተኛውም ልብሱን ቀይሮ ይወጣል፤ ሀብታሞቹ ራታቸውን ቀዝቃዛ ሥጋ ይበላሉ። ትልልቆቹ ቤቶች ጭር ስለሚሉ መባለግ የፈለገ ሰው ሐሙስን ይጠብቃል። ሌላንድም በዚያ ጸደይ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ሮዊና ስታይልስ ቤት ይሄድ ጀመር።

ሮዊና የሰርዲን ፋብሪካው ባለቤት የሃዋርድ ስታይልስ ሚስት ነበረች። ቆንጆ ነበረች፣ ቆንጆ ግን ሌላም አለ። የሷ ጉድ ሳቋ ነው። ዘግይቶ ይመጣል። ሰው ቀልዱ የከሸፈበት መስሎት ማፈር ሲጀምር፣ ያኔ ትስቃለች። አርባ አምስት ዓመት የሞላው ቁም ነገረኛ ሰው ያንን ሳቅ ለመስማት ሲል ሳምንቱን ሙሉ ቀልድ ሲያጠራቅም ይውል ነበር። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

የሚገባው በጓሮ በር ነበር። ከበሩ ቀጥሎ ያለው ኮሪደር መስኮት ስለሌለው በቀን እንኳ ድቅድቅ ጨለማ ነው። የመብራቱ ማብሪያ ደግሞ ሰው በሚጠብቀው ቦታ የለም፤ እዚያ ትልቅ ቁም ሣጥን ስላስቀመጡበት ዝቅ ብሎ፣ ጉልበት ጋ፣ ከተሰቀሉት ካፖርቶች ኋላ ተዛውሯል። በመጀመሪያው ቀን ሌላንድ ግድግዳውን ሲዳብስ ሮዊና እጁን ይዛ ወስዳ ማብሪያው ላይ አሳረፈችለት። ከዚያ ወዲያ ፈልጎት አያውቅም።

አንድ ሐሙስ ቀትር ላይ ቢሮው ደወለችለት። «ዛሬ እንዳትመጣ። ሃዋርድ ጉንፋን ይዞት ቤት ተኝቷል» አለችው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሃዋርድ ስታይልስ አልጋው ላይ በጥይት ተመቶ ተገኘ።

ሮዊና ለፖሊስ የሰጠችው ቃል ሌላ ነበር። ባሏ ፋብሪካ ያለ መስሏት ጠጉሯን ተሠርታ ስትመለስ፣ ጓሮ በር ላይ ሳለች ተኩስ ሰማች። ገብታ መብራቱን ስታበራ አትክልተኛው አንሴልሞ ብራጋ ኮሪደሩን አቋርጦ በፊት ለፊቱ በር ሲሮጥ አየችው። አንሴልሞ የፖርቱጋል አሣ አጥማጆች ልጅ ነው። ከግድያው በፊት በነበረው ሳምንት ከሃዋርድ ጋር ሲጯጯኽ ጎረቤት ሰምቶታል። «የት ነበርክ?» ሲባል «ድንጋዮቹ ላይ ብቻዬን አሣ ሳጠምድ» ከማለት በቀር ምስክር አልነበረውም።

ሌላንድ ግን ሮዊና ባሏ ቤት መተኛቱን እንደምታውቅ ያውቃል። ከራሷ አፍ ሰምቷል። መኪናው ውስጥ ወደቡ አጠገብ ሲገናኙ ፊት ለፊት ጠየቃት።

«ማነው የተኮሰው፣ ሮዊና?»

«አንሴልሞ። እኔ ለመማል ዝግጁ ነኝ። አንተስ?»

«ጉዳዩን ለምክትሌ እሰጠዋለሁ።»

«ምን ብለህ? አሞኛል ልትል ነው?»

«እውነቱን እነግረዋለሁ።»

ሳቋ እንደ ልማዱ ዘግይቶ መጣ። «እውነቱ እኮ ኢዲትንም ይጨምራል፣ የኔ ጌታ። ልጅህንም። ሌላ ሰው ከያዘው ሐሙስ ሐሙስ ማን ይመጣ ነበር ብሎ ይጠይቀኛል። አንተ ከያዝከው ማን ይጠይቀኛል?»

ጉዳዩን ያዘው። በግድያ የተፈረደበት ሰው የሚገደለው መርዝ ጋዝ በሚለቀቅበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ሌላንድ ይህን እያወቀ ነው የያዘው። ጠዋት ጢሙን ሲላጭ መስታወቱን ማየት ስላስጠላው አገጩን በየቀኑ ይቆርጠው ነበር።

ዳኛው በጠየቁ ማግስት አሥራ ሁለቱን የጁሪ አባላት በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ወሰዷቸው። አንሴልሞም በካቴና ታስሮ ከፖሊስ ጋር መጣ። ግቢው ውስጥ ሲገባ ማንም ሳያጠጣቸው የደረቁትን ጽጌረዳዎች አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

ታትል ሁሉንም በጓሮ በር አስገቡ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር። ያንን ማብሪያ የቤቱ ሰው እንኳ ዳብሶ ዳብሶ ነው የሚያገኘው፤ ሮዊና እስክታበራ ድረስ የሚሮጥ ሰው መንገድ ላይ ደርሷል፤ ስለዚህ ፊቱን አየሁ ያለችው ውሸት ነው። «እንግዲህ ክቡራን…» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ፣ ከጁሪው አባላት አንዷ፣ ሚስስ ጊልፎይል የሚባሉ አሮጊት የፒያኖ አስተማሪ፣ ጨለማው ውስጥ ደረጃው አዳለጣቸውና «ወይኔ እግሬ!» አሉ።

ሌላንድ አላሰበም። ጎንበስ አለ፣ እጁን ከካፖርቶቹ ኋላ ሰደደና አበራ።

«ተባረክ ልጄ» አሉ ሚስስ ጊልፎይል ክንዱን ይዘው።

ታትል ከንፈራቸውን ነከሱ። «ጥሩ እጅ አለህ፣ ሚስተር ፕራውት።»

«ዕድል ነው» አለ ሌላንድ።  ሌላ ማንም ነገሬ አላለውም፤ አንሴልሞ ብቻ የሌላንድን እጅ ትክ ብሎ ያይ ነበር።

ሰዎቹ ወደ ሳሎን ሲያልፉ ፖሊሱ ሲጋራ ሊለኩስ በሩ ላይ ቆመ። አንሴልሞ ወደ ሌላንድ ጠጋ አለ።

«ያንን ማብሪያ እዚያ ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለው ቀስ ብሎ። «ሚስተር ስታይልስ ራሳቸው ባጡት ቁጥር ይሰድቡኝ ነበር።»

«ዕድል ነው አልኩ እኮ።»

«ሐሙስ ማታ ስመለስ እዚህ ጋ የወንድ ጫማ ጭቃ እጠርግ ነበር። የቤተሰቡ ሐኪም ይሆናል እል ነበር። የእመቤቴ ጉዳይ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ ብዬ ለፖሊስም አልተናገርኩም።»

ሌላንድ ወደ ፖሊሱ ዞር ብሎ አየ። «ለጠበቃህ ንገራቸው።»

«ብነግራቸውስ? አትክልተኛው ዐቃቤ ሕጉን በመብራት ከሰሰው ተብሎ ሊሳቅብኝ? ከኔ አፍ ከወጣ ቀልድ ነው፣ ጌታዬ። ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ነው ሰው የሚያምነው።» አንሴልሞ ሲናገር አልተቆጣም፤ ሌላንድን የገደለውም ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላንድ አንድ ብልጠት ፈለሰፈ። የመዝጊያ ንግግሩን ልፍስፍስ አድርጎ ጁሪው አንሴልሞን በራሱ እንዲፈታው ሊያደርግ። ሰውየው ይተርፋል፣ ኢዲት አታውቅም፣ ሁሉም ወደ ቤቱ። ፈሪ ሰው ሲጨንቀው እንዲህ ያለ ነገር ቆንጆ ሐሳብ ይመስለዋል። ንግግር በሚያደርግበት ጠዋት ሮዊና በር ላይ አልፋው ስትሄድ «አይዞህ፣ ዛሬ ያልቃል» አለችው።

ጁሪው ፊት ቆሞ «ከአንድ ሰው በስተቀር ያየ የለም» አለ። «ልባችሁ ቅንጣት ከተጠራጠረ ፍቱት። እኔ አልቀየማችሁም።» ያንን ያህል ለስላሳ ንግግር ሰምተን አናውቅም ነበር። ኢዲት እንኳ ግራ ገብቷት ሳንድዊቹን ጭኗ ላይ ታገላብጠው ነበር።

ጁሪው ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ጥፋተኛ ነው አሉ፤ ምሕረት ይደረግለት የሚል ቃልም ስላልጨመሩ ቅጣቱ ሞት ነው። አንሴልሞ አላለቀሰም። ዞሮ ሌላንድን አየው፤ አሁን ትናገራለህ ብሎ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ሌላንድ ጫማውን አየ። ዳኛው ጁሪውን አመስግነው አሰናበቱ።

ኮሪደሩ ላይ ሚስስ ጊልፎይል እጁን ጨበጡት።

«ተጨንቀን ነበር ልጄ» አሉት። «ያ ሁሉ ርኅራኄህ ልባችንን በልቶት አምስታችን ይፈታ ብለን ነበር። ኋላ እኔ መብራቱን አስታወስኳቸው። ሚስተር ፕራውት ያንን ቤት ረግጦት አያውቅም፤ ለዳኛው ሲነግር ሰምተናል። እጁን ሰደድ ሲያደርግ ግን አገኘው። እንግዳ ሰው እንዲህ ካገኘው የቤቱ እመቤት እንዴት ታጣዋለች? አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ የተከራከረኝ የለም። አንተ እኮ አትዋሽም።»

ሌላንድ እጁን ከእጃቸው ላይ ቀስ ብሎ አወጣ። ሮዊና ደረጃው አጠገብ ጓንቷን እያጠለቀች ታየው ነበር። ጀርባውን ሰጣትና ወደ አዳራሹ ተመለሰ።

ዳኛው ገና ወረቀታቸውን ይሰበስባሉ። ፖሊሱ የአንሴልሞን ካቴና ይቆልፋል። ሌላንድ የራሱን ጠረጴዛ አልፎ ሄዶ የምስክሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ምን ሆነሃል ሌላንድ? አሞሃል?» አሉት ዳኛው።

«ያስምሉኝ፣ ክቡር ዳኛ።»

ኢዲት ከሦስተኛው ረድፍ ተነሣች። «ሌላንድ፣ ምን እያደረግክ ነው? ምሳህን እንኳ አልበላህም እኮ» አለችው።

አያት፤ እስኪበቃው አያት። ከዚያ ቀኝ እጁን አነሣ።

«የስታይልስን ቤት አውቀዋለሁ» አለ። «ሐሙስ ሐሙስ እሄድ ነበር።»