የኋለኛው ኮርቻ

«ሳታገባ፣ ሳትወልድ፣ ዕድሜዋን ሙሉ እሱን ስትጎትት አለቀች።»

ምሳው የንፍሮውን ሣህን እንደያዘ ቀረ። የተናገሩት አክስቱ ወይዘሮ ደብሬ ናቸው፤ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ጎረቤት በሹክሹክታ ነበር። ግን ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ማየት የተሳነው ሰው ድንኳን ውስጥ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል። እህቱ ጥሩሐረግ ከተቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው።

አልተቆጣም። እሱም ከትናንት ጀምሮ ሲያስብ የነበረው ይህንኑ ነው።

ጥሩሐረግ በስምንት ዓመት ትበልጠው ነበር። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆና ደሃናና ዝቋላ ወረዳዎች ፍየል ስትከትብ ኖራለች፤ ዳገቱን በእግሯ፣ መንገድ ባለበት በብስክሌት። ሰቆጣ ላይ ሴት ብስክሌት ስትነዳ ያየ አንድ ነገር ሳይናገር አያልፍም ነበር፤ እሷም መልስ ሳትሰጥ አልፋ አታውቅም። ምሳውን ትምህርት ቤት ያስገባችው እሷ ናት። መምህር ሆኖ ሲመለስም አብረው ኖሩ። አንድ ጊዜ ለጋብቻ ሽማግሌ ተልኮባት «ወንድምሽስ?» ብለው ሲጠይቋት፣ «ከኔ ጋር ነዋ!» ስትል ምሳው ከጓዳ ሰምቷል። ሽማግሌዎቹ ደግመው አልመጡም።

ከሰዓት በኋላ ሐይደር መጣ። ገበያው አጠገብ ብስክሌት የሚጠግነው ሐይደር የሁለቱም የልጅነት ጓደኛ ነው። «አላህ ያጽናህ» ብሎ አጠገቡ ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«የቆቦው ውድድር ትዝ ይልሃል?»

ምሳው ፈገግ አለ። «እንዴት እረሳዋለሁ!»

ስምንት ዓመት ሆነው። ወሬውን በሬዲዮ የሰማው ራሱ ምሳው ነው፦ ቆቦ ሜዳ አስፋልት ላይ የአሥራ ሁለት ሰዓት የብስክሌት ውድድር። ተወዳዳሪዎች ሁለት ሁለት ደቂቃ እየተለያዩ ይነሳሉ፤ እሽቅድምድሙ ከሰዓት ጋር ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተመላልሶ ብዙ ኪሎ ሜትር የነዳ ያሸንፋል። «እኔም ብነዳ» ብሎ ለቀልድ ተናገረ። ጥሩሐረግ ግን አልሳቀችም። በማግስቱ ሁለት አሮጌ ብስክሌቶች እየገፋች ሐይደር ዘንድ ሄደች፤ እሱም ቆርጦ በየዳቸውና ባለ ሁለት ኮርቻ አንድ ብስክሌት ወጣቸው። መሪው ከፊት፣ ፔዳሉ ለሁለቱም። ሦስት ወር ሙሉ ጎህ ሲቀድ ተለማመዱ። የመጀመሪያው ሳምንት በመውደቅ አለቀ። ከዚያ እሷ ትከሻዋን ስታዘነብል አብሮ ማዘንበልን፣ «ጉድጓድ!» ስትል ከኮርቻው ብድግ ማለትን ለመደ።

ሐይደርም ብስክሌቱ ቢሰበር ሊጠግን አብሯቸው ቆቦ ወረደ። እዚያ ዳኛው ብስክሌቱን አይቶ፣ «ይሄ የኋለኛው ሰውዬ ምን ይሠራል?» አለ።

«እሱማ ሞተሩ ነው» አለች ጥሩሐረግ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ምሳውም ሳቀ። ሲነሱ ነፋሱ ጆሮው ላይ ፉጨት ሆነ፤ በራሱ እግር እንዲህ ፈጥኖ ሄዶ አያውቅም ነበር። እሷ መንገዱን ትነግረዋለች፦ ግመሎች እያለፉ ነው፤ ማሽላው ቀልቷል፤ ያ ባለ ቀይ ካናቴራ ሰው ደክሞታል፣ እንደርስበታለን። ደረሱበት።

ዘጠኝ ሰዓት ከነዱ በኋላ ግን ፔዳሉ ድንገት ድንጋይ ሆነበት።

«ምን ሆነ?»

«ነፋስ ነው። በርታ።»

«ፊቴ ላይ አይሰማኝም እኮ።»

«እኔ ፊትህ ተገትሬ እንዴት ይሰማህ! ግፋ!»

ገፋ። ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ ጭኑ እየተቃጠለ፣ ምራቁ ደርቆ ገፋ። ፊሽካው ሲነፋ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ሆነዋል። ከአሥራ አንድ ብስክሌት ሰባተኛ ወጡ። ጥሩሐረግ ወርዳ አንገቱን አቅፋ እየሳቀች አለቀሰች።

«እና እሱን አሁን ምን አስታወሰህ?» አለ ምሳው።

«ያን ቀን ነፋስ አልነበረም» አለ ሐይደር።

ምሳው ፊቱን ወደ እሱ አዞረ።

«ጉልበቷ ነው የከዳት። የቀኝ ጉልበቷ አብጦ የሰው ጭንቅላት አክሎ ነበር። እግሯ ፔዳሉ ላይ ተቀምጦ ከመዞር በቀር ቅንጣት ኃይል አልጨመረችም። ሦስቱን ሰዓት ብስክሌቱንም እሷንም የነዳሃቸው አንተ ነህ።»

«ከውድድሩ በኋላ ስታነክስ ድንጋይ አደናቅፎኝ ነው አለችኝ እኮ!»

«ጉልበቷን እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብለህ እንዳታዝን ብላ ነው። እኔንም አስማለችኝ። ባለፈው ሳምንት ታማ ተኝታ ሳለች ልጠይቃት ስመጣ ግን፣ ‹ስሞት ንገረው› አለችኝ። ‹ለዳኛው የነገርኩት ቀልድ አልነበረም በለው። ደግሞ ደስ ብሎኝ ነው የኖርኩት በለው።›»

ምሳውን ከሆዱ የመጣ ሳቅ አመለጠው። ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፤ ወይዘሮ ደብሬ «ልጄን ሐዘን ነካብኝ!» ብለው ተነሡ። እሱ ግን እየሳቀ እንባው ይወርድ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ሲያለቅስ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሐይደር ትከሻውን ይዞ እስኪበቃው እንዲያለቅስ ተወው።

በማግስቱ ሰልስት ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ሲነሡ ወይዘሮ ደብሬ እጁን ያዙት።

«ና ልምራህ፣ የኔ ጌታ።»

ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ግን አሮጊቷ ቁና ቁና መተንፈስ ጀመሩ። ምሳው ቆመ። እጃቸውን ቀስ ብሎ ለቀቀና ከኋላቸው ዞረ።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«እርስዎ ከፊት ይሁኑ፣ አክስቴ። መንገዱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ወይዘሮ ደብሬ ጥቂት አመነቱ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በግራ ድንጋይ አለ» አሉ።

ምሳው ሁለት መዳፎቹን ጀርባቸው ላይ አሳርፎ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ወደ ላይ መግፋት ጀመረ።