የአረፋ ማለዳ ውሃ

«አካም ቡልቴ ዘሊካ? ፈያዳ?»

እንዴት አደርሽ፣ ጤና ነሽ ወይ ማለቷ ነው። ከጨፋ ለልቅሶ የመጣችው ባልቴት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ሰሌኑ ላይ አረፍ ሳትል ነበር የጠየቀችው። ከሚሴ ላይ የዚህ ጥያቄ መልስ አንድ ነው። የታመመም፣ ያዘነም፣ በግ የጠፋበትም መጀመሪያ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ የሆዱን የሚዘረግፈው ከዚያ በኋላ ነው። ዘሊካ ግን እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ እንደሸሸገች ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

ባልቴቷ ትንሽ ጠብቃ ተቀመጠች። ጥግ ላይ ያሉት ሴቶች ሹክሹክታቸውን ጀመሩ።

«በድሩ ከተቀበረ ወዲህ እኮ ምስጋና ከአፏ አልወጣም።»

«አላህን ተቀይማ ይሆን?»

«አስተግፊሩላህ በይ። ሐዘን ነው።»

ዘሊካ ሰምታለች። እውነቱን ለመናገር ተቀይማለች። ለምን እንደሆነ ለሰው ብትናገረው ግን የሚያስቅ ስለመሰላት ለማንም አልነገረችም። በከሚሴ ምድር የባሏን የበድሩን ያህል ለጤናው ያመሰገነ ሰው አልነበረም። ያንን ሁሉ ምስጋና ማን ሰማው?

የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ማሳውን ያጥለቀለቀበት ዓመት ነበር የነገሩ መነሻ። በድሩ ከማሽላው መሀል ወባ ይዞት እየተንዘፈዘፈ መጣና አልጋ ላይ ወደቀ። ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲገባ እንኳ አልተነሳም። እጁን ወደ አፉ መውሰድ አቃተው። ሶላት በደረሰ ቁጥር ዘሊካ ጎድጓዳ ሳህን ከአልጋው ስር ታስቀምጥና ውዱእ ታስደርገው ነበር። እጁን፣ ፊቱን፣ ክንዱን፣ እግሩን እያነሳች ታጥባለች፤ መልሳም ታስቀምጣለች። ሰዎች ስለ ከፈን ሲንሾካሾኩ እሷ ውሃ ታሞቅ ነበር።

በድሩ ተነሳ። ከዚያ በኋላ በመጣው የአረፋ ማለዳ አጥሩ ስር ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆመና «ነይ አፍስሺልኝ» አላት። ማንቆርቆሪያውን ይዛ መጣች።

«ለዚህ እጅ፣ ማጭድ ለጨበጠልኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። አፉን ተጉመጠመጠ። «ለዚህ አፍ፣ የምግብ ጣዕም ለተመለሰለት፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ሰውዬ፣ ጆሮህ ላይ ስትደርስ ኢማሙ ሶላቱን ጨርሶ ያሰላምታል።»

«አንቺ ዝም ብለሽ አፍስሺ።»

እግሩ ላይ ሲደርስ አጎንብሶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከንፈሩ ብቻ ሲንቀሳቀስ አይታ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያመሰገነ መስሏት ሳቀች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አረፋ በመጣ ቁጥር እሱ ያመሰግናል፣ እሷ ታፈሳለች፣ ትስቃለች።

ዘንድሮ አረፋ ሊገባ ሲል አንድ ማታ ከአውድማ መጣ፣ እራቱን በላ፣ «ዛሬ ጉልበቴ የጎረምሳ ሆኗል፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ተኛ። ለሱብሒ ሶላት ስትቀሰቅሰው አልተነሳም።

የበዓሉ ዋዜማ የሰፈሩ ልጃገረዶች ሂና የተቀቡ እጆቻቸውን እያራገቡ በበሩ አለፉ። ባሏ የሞተባት ሴት የሐዘን ወራቷን፣ ዒዳዋን፣ እስክትጨርስ ሂና አትነካም፣ ከግቢዋም አትወጣም። ጎረቤቷ ፋጡሜ ደግሞ ሥራ የሚባል ነገር አላስነካት አለች። ምግቡን ታቀርባለች፣ እጇን ታስታጥባታለች። ማንቆርቆሪያውንም ዓይኗ እንዳያየው ብላ ከማሽላው ጆንያ ኋላ ደብቃዋለች። በደግነት ነው፤ ግን የዘሊካ እጆች ያለ ሥራ ሲቀመጡ የሌላ ሰው እጆች መሰሏት።

በበዓሉ ማለዳ ዘሊካን የቀሰቀሳት ከመስጊድ የሚመጣው የ«አላሁ አክበር» ተክቢራ ነበር። ድምፁ ከጉም ውስጥ ነው የሚመጣው፤ ይቀርባል፣ ይርቃል። ገና ከእንቅልፏ ሳትወጣ ውሃ ድንጋይ ላይ ሲንጠባጠብ የሰማች መሰላት። «አፍስሺልኝ» ያላት መሰላት። ከዚያ ሙሉ ሌሊት እንደተኛች ገባት። ክረምቱን ሲጠዘጥዛት የከረመው ጉልበቷ ዝም ብሏል። ርቧታልም። ደነገጠች።

የበድሩ ታላቅ እህት አሻ ከቀብሩ ጀምሮ እዚያው ነው የምታድረው። መደቡ ላይ ተቀምጣ የተስቢሕ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች።

«እቴ አሻ» አለች ዘሊካ ቀስ ብላ። «እንቅልፍ ወሰደኝ። ራበኝም። እሱ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔን ይርበኝ? እንዲህ ደህና በመሆኔ አላፍርም?»

አሻ መቁጠሪያዋን ጭኗ ላይ አኖረች።

«እግሩ ላይ ሲደርስ የሚለውን ታውቂዋለሽ?»

«ጣቶቹን ይቆጥር ነበር።»

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ አንድ ጊዜ ጠየቅኩት። ‹የእኔን አካል ጨርሼ ውሃ ለሚያፈሰው እጅ ነው የማመሰግነው› አለኝ። ‹ያን ጊዜ ታምሜ እያነሳ ያጠበኝ እጅ ነው፤ አላህ ጤናውን አይንሳብኝ እላለሁ› አለኝ። ‹ታዲያ ለምን ጮክ አትልም?› ብለው፣ ‹ከሰማች ትኮራብኛለች› አለኝ ወላሂ።»

ዘሊካ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ልቅሶ ቀደማት። አሻ እስኪወጣላት ተወቻት። ሲበቃት እጆቿን ከነጠላዋ አውጥታ አየቻቸው። ሂና የለባቸውም፣ መዳፋቸው ሻክሯል። ጣቶቿን አጠፍ ዘርጋ አደረገች፤ ታዘዙላት። ይህን ሁሉ ዓመት የተመሰገነላቸው እጆች እነዚህ ናቸው።

ተነሳችና ከጆንያው ኋላ ማንቆርቆሪያውን አወጣች። ያለበትን ቀድሞም ታውቃለች። ውሃ ቀድታ ወደ ጓሮ ስትወጣ ፋጡሜ ቂጣ ይዛ በአጥሩ በር ገባች።

«ኧረ ስጪኝ፣ እኔ ላፍስስልሽ።»

«ተይው ፋጡሜ።»

ድንጋዩ አጠገብ ጎንበስ ብላ እያንዳንዱን አካሏን በቀስታ ታጠበች። ጉሙ አጥሩን ሸፍኖት ከግቢው ውጭ ያለው ዓለም የለም። እግሮቿን አጥባ ስትጨርስ ፋጡሜ መጠየቅ ፈርታ፣ ግን ልማድ ሆኖባት፣ «እንዴት አደርሽ ዘሊካ? ደህና ነሽ?» አለቻት።

ዘሊካ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ያዝ አደረገች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «ደህና ነኝ።»

ማንቆርቆሪያው ውስጥ ውሃ ተርፏል። የቀዳችው ለሁለት ሰው ነበር። ድንጋዩ ላይ፣ እሱ ይቆምበት በነበረው ቦታ፣ መጀመሪያ በቀኝ በኩል አፈሰሰች። እሱ እግሩን እስኪቀይር ድረስ ትጠብቅ እንደነበረው ጠበቀች፤ ከዚያ በግራ በኩል አፈሰሰች።