ሪቴይነሩና ጾሙ

ሰኔ ዐሥራ አራት ቀን ማስተካከያ ሽቦው ከትዝታ ጥርስ ላይ ሲነሣ፣ ቦታ ለማስለቀቅ ሁለቱ ከተነቀሉ በኋላ የቀሩት ዐሥራ ሁለቱ የላይ ጥርሶቿ በአንድ መስመር ላይ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት የቀኙ ክራንቻዋ ከሌሎቹ በላይ ድዷ ላይ የበቀለ ስለነበር፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ሒሳብ ስታስተምር በግራ እጇ አፏን ሳትከልል አትናገርም ነበር። አሁን ክራንቻው ወርዶ ከጎኑ ካሉት ጋር እኩል ሆኗል።

ባሕር ዳር ያከመቻት ዶክተር ሰብለ ከጥርሷ ጋር ልክክ የሚል ስስ ፕላስቲክ ሠርታ ሰጠቻት፤ ሪቴይነር ይባላል። ጥርስ ወደ ድሮ ቦታው መመለስ ይፈልጋል፣ አጥንቱ እስኪጠነክር ስድስት ወር ከምግብና ከመቦረሽ ሰዓት በቀር ከአፍሽ አይውጣ አለቻት። እየመጣች የምትታይበትንም ቀጠሮ ጻፈችላት። የሐምሌውን ቀጠሮ ትዝታ አክብራ ሄደች፤ ከቦታው የተነቃነቀ ጥርስ አልነበረም።

ነሐሴ አንድ ቀን ፍልሰታ ገባ። ትዝታ እንደ ልማዷ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሱባኤ ያዘች። በጾሙ ቅዳሴ የሚያበቃው ከቀትር በኋላ ነው፤ የሚቆርብ ሰው ከመኝታ ሰዓቱ ጀምሮ እስከዚያ ድረስ በአፉ ምንም አያስገባም። ሪቴይነር ደግሞ በውኃ ሳይታጠብ አይገባም፤ ከገባም ምራቅ ያመጣል፣ ምራቁም ይዋጣል። ይህን ሁሉ አስልታ፣ ጾሙ እንዳይፈታባት ማታ እያወጣችው ከቅዳሴ በኋላ መልሳ ልታደርገው ወሰነች። ሦስት ቀን እንዲሁ አደረገች። በአራተኛው ቀን አጠገቧ የምታድረው ማሚቴ የምትባል ሴት ስታወጣው አይታ፣ ጥርስሽንም እንደ አህያ ጭነት ማታ ማታ ታራግፊዋለሽ እንዴ ብላ አሾፈችባት። ሴቶቹ ሳቁ፤ ትዝታም አብራ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ሱባኤው መጨረሻ ሪቴይነሩን ከማስቀመጫው አላወጣችውም።

ነሐሴ ዐሥራ ሰባት ጠዋት ቤቷ ሆና ልታደርገው ሞከረች። በግራ በኩል ገባ፤ በቀኝ በኩል ክራንቻው ላይ ቆመ። መስታወት ፊት ሆና በማስመሪያ ስትለካው፣ መድረስ ካለበት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቀርቶታል። ስትጫነው አመማት፤ መልሳ አስቀመጠችው። ጥፋቱ የራሷ በመሆኑ ዶክተሯን ማየት አፈረች፤ የመስከረሙን ቀጠሮ መንገድ አልተመቸኝም ብላ በስልክ ሰረዘች፣ የጥቅምቱንም እንዲሁ። ክፍል ውስጥ ስትናገር የግራ እጇ ሳይታወቃት ወደ አፏ መሄድ ጀመረ።

የነቢያት ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። መምሬ ገብረ ሚካኤል የኪዳን ጸሎት አድርሰው ከግቢው ወይራ ሥር ተቀምጠው ነበር። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገረቻቸው። ይሄኛው ጾም ከፍልሰታ ይረዝማል፤ ከቁርባንና ከሪቴይነሩ አንዱን መተው ስላለባት ጥርሷን ልትተው ቆርጣለች። መምሬ ሰምተው ሲጨርሱ ዕቃውን አሳዪኝ አሏት፤ በመዳፋቸው ይዘው አገላበጡት።

«ይበላል?»

«ኧረ አይበላም፣ አባቴ።»

«ይሟሟል?»

«አይሟሟም።»

መምሬ ፊታቸውን ወደ ወይራው አዞሩ። ሲመለሱ ከንፈራቸው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ መዳፋቸው ላይ አራት ሰው ሠራሽ ጥርሶች ነበሩ።

«ይኸው ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ ቀድሷል» አሉ እየተኮላተፉ። «ያለ እሱማ ሕዝቡ የምለውን መች ይሰማል።»

ትዝታ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። እሳቸው ጥርሳቸውን መልሰው አካሄዱን አስረዷት፦ ከመኝታ በፊት አጥባ ታደርገዋለች፤ ልትቆርብ ስትል አውጥታ በንጹሕ ጨርቅ ትይዘዋለች፤ ከተመገበች በኋላ ትመልሰዋለች። ከዚያ ዶክተሯ ምን እንዳለች ጠየቋት። ትዝታ እንዳልሄደች ተናገረች።

«ለእኔ ነገርሽኝ፤ እኔ ግን ጥርስ አላቀናም፣ ልጄ» አሉ። «ለእሷም ልክ እንዲሁ ንገሪያት።»

በማግስቱ በሚኒባስ ባሕር ዳር ወረደች፤ ማሚቴ ያሾፈችባትን እንኳ ሳታስቀር ለዶክተር ሰብለ ነገረቻት። ዶክተሯ አልተቆጣችም። ክራንቻው በአንድ ነጥብ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ሸሽቷል፤ ሽቦውን መልሶ ማሰር ይቻላል አለች፤ ወይም ጥርሱን ቀስ በቀስ የሚገፉ ሦስት ፕላስቲኮች እያንዳንዳቸውን ሁለት ሁለት ሳምንት፣ በቀን ሃያ ሁለት ሰዓት ማድረግ። ትዝታ ሁለተኛውን መረጠች።

«ጾም ላይ እንዴት ታደርጊያለሽ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ» አለች ዶክተሯ ካርዱ ላይ እየጻፈች። «የመጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ እንጂ፣ ከቀጠሯቸው የቀሩት ሌሎች ታካሚዎቼም ምክንያታቸው ይሄው ሳይሆን አይቀርም።»

በነቢያት ጾም ትዝታ አምስት ጊዜ ቆረበች። ጥር ሁለት ቀን ዶክተር ሰብለ ክራንቻውን በመለኪያዋ ስትለካው፣ ከሰኔው ቦታው የቀረው ዜሮ ነጥብ ሁለት ሚሊ ሜትር ነበር።